ሰባተኛው ወንበር

በየሰኔው መጨረሻ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል፣
ከማዘጋጃ ቤት ሦስት ሰው ይላካል።
አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል፣
ሦስተኛው ቆሞ የደብረ ብርሃንን ብርድ ይረግማል።
የበር ቁልፍ አንድ፤ አካፋ አራት፤
የውኃ ጎማ ሃያ ሜትር፣ ሁለት ቦታ የተበሳበት፤
የመብራት ምሰሶ አሥር፣ ሦስቱ የሚበራ፤
ፏፏቴ አንድ፣ ውኃ የማያውቅ፣ የእርግብ ጎተራ፤
«ወንበር፣ ሰባት» ይላል መዝገቡ።
«ስድስት ነው» ይላሉ፣ ዞረው ሲቀርቡ።
«ሰባተኛውስ?» ዓይናቸው እኔ ላይ።
እኔ በሬሳን አየዋለሁ፤ እሱ ይወርዳል፣ ሰው እንደማያይ።

በሩ ላይ፣ በእብነ በረድ የተጻፈው ታሪክ አጭር ነው፦
ተመሠረተ፤ ተመረቀ፤ ሪባኑን እገሌ ቆረጠው።
እኔ ግን አውቀዋለሁ መናፈሻ ሳይባል፣
ዳሩ የሱፍ ማጠቢያ ሆኖ፣ አረፋው እንደ መንጋ ቁልቁል ሲከተል።
ከመንዝ የመጣ የበግ ፀጉር፣ ከነጉዱ፣ ከነእሾሁ፣
እዚህ ሲነከር፣ ሲወቀጥ፣ ሲጨመቅ አይቻለሁ።
ሸዋፈራ የሚሉት፣ ጥጃ ከሚያክል ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣
አመዳዩን በተረከዙ ሰብሮ ይረግጠው ነበር፣ እግሩ እንደ በርበሬ ቀልቶ።
በኋላ ያ ቀረ፤ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ለበሰው፤
ሲኖትራክ መጣ ጭቃውን ሊያጥብ፤ ቀጥሎም ቆሻሻ የሚደፋ ሰው።
ፌስታል ቀጨሞው ላይ እንደ ሰንደቅ ተሰቅሎ፣
ውሻ ብቻ ነበር የሚዝናናው፣ አመድ ላይ ተንከባሎ።

ከዚያ ሥራ ያጡ ልጆች መጡ፣ በአካፋ፣ በዶማ፤
ቆፍረው ያወጡት ፌስታል ብቻ ይበቃ ነበር ለአንድ ከተማ።
ጽድ ተከሉ፣ ኮሶ ተከሉ፤
ባሕር ዛፉን «ወንዝ ይጠጣል» ብለው ነቀሉ።
ወንበሮቹ ሲተከሉ ሸዋፈራ መጣ፣ በጋቢው ተጀቡኖ፤
«ይሄን አንዱን ከዚህ አንሡት» አለ፣ ድንጋዩ አጠገብ ሆኖ፤
«ይቺ የወንዙ ቦታ ናት፤ ነሐሴ ሲገባ እሱ ነው የሚቀመጥባት።»
መሐንዲሱ ሣቀ፤ ሲሚንቶ ጨመረባት።

ሁለት ዓመት ያቺ ወንበር ሥራ አልፈታችም፦
የኮሌጅ ተማሪዎች «ለፈተና» ብለው መጡባት፤ መጽሐፉን ግን አልገለጡም።
እሑድ እሑድ ሙሽሮች፣ ቬሎው በቁር እየተንቀጠቀጠ፣
ፎቶ አንሺው «ፈገግ!» ሲል፣ አበባው ከደነዘዘ እጅ እያመለጠ።
ሸዋፈራም ይመጣ ነበር፤ ትኬት ሳልቆርጥለት፣
ከወንበሯ ይልቅ ድንጋዩን መርጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣
ውኃው ሰዓት የሚነግረው ይመስል እግሩን ነክሮበት።

ከቡሄ ማግስት፣ ሌሊት፣ ከላይ በረዶ ወረደ።
ጠዋት በሩን ስከፍት ሣሩ በጭቃ ተጋርዷል፤ አጥሩ ተንዷል፤ ግማሹ ሄደ።
ስድስቱ ወንበር አሉ። ሰባተኛዋ፣ ከነሲሚንቶዋ፣ የለችም።
ድንጋዩ እዚያው ነው፤ ስንዝር እንኳ አልተነቃነቀም።
ሸዋፈራ አላየም፤ በሐምሌ ነው ያረፈው።
ቢያይም «አላልኳችሁም» አይልም ነበር፤ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው።

ኅዳር ላይ ውኃው ሲጠራ፣ ወንዙን ይዤ ወረድኩ፤
ወደ ጀማ ገደሉ አፉን እስኪከፍት በእግሬ ሄድኩ።
ምስር ማሳ ዳር አገኘኋት፣ አንድ እግሯን አጥታ፣ በድንጋይ ተደግፋ፤
ላይዋ ላይ አንድ ገበሬ ጋደም ብሎ ሲያንኮራፋ።
«ወንዙ ነው ያመጣት» አለኝ፣ ዓይኑን እያሸ፣ ጥቂት ፈርቶ፤
«ልጃችን መጀመሪያ የቆመው እሷን ነው ጨብጦ፤ ወድቆ፣ ተነሥቶ።»
ከጀርባዋ፣ በቀይ ቀለም፣ ቁጥሯ ይታያል፦ ሰባት።
ላስመልሳት መጥቼ ነበር።
አንድ ጊዜ ተቀመጥኩባት።

ዘንድሮም ሦስቱ መጡ፤ «ሰባተኛውስ?» አሉ።
ዝናብ መጣሁ ይላል፤ ፈርመው ሊሄዱ ይቻኮላሉ።
እስክሪብቶውን ተቀበልኳቸው፤ ከቁጥሩ ፊት ለፊት፣
«ጠፍቷል» የሚለውን ሰርዤ ጻፍኩ፦
«አገልግሎት ላይ ናት።»